ለዓይን፣ ለጆሮና ለጣት የሚሠራ የኮምፒውተር በይነገጽ እንዴት ይነደፋል?

አንድ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ክፍያው ሳይሳካ ሲቀር በስክሪኑ አናት ላይ ቀይ መስመር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ችግሩ የዓይነ ስውራን ብቻ አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስክሪኑ አልታይ ያለው ሰው፣ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገር ሰው፣ ቁልፉን ተጭኖ ስልኩን ወዲያው ኪሱ የከተተ ሰው፣ ሁሉም ያንኑ መልእክት ያጣሉ። ገንዘቡ የደረሰ መስሏቸው ወደ ሌላ ጉዳያቸው ይሄዳሉ።

የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ንድፉ ከስክሪኑ መጀመሩ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ነገር ይሣላል፤ ድምፅና ንዝረት ሥራው ሊያልቅ ሲል ይጨመራሉ፤ የተደራሽነት ጉዳይ ደግሞ ጊዜ ከተረፈ ይታያል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በቅድሚያ ሥርዓቱ ለሰው የሚናገረውና ከሰው የሚቀበለው መልእክት ይለያል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ መልእክት የሚስማማው የስሜት ሕዋስ ይመረጣል፤ ስክሪኑ የሚሣለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ ገንዘብ የመላክን ተግባር እንደ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።

ደረጃ 1፦ መልእክቶቹን መመዝገብ

ባዶ ሰንጠረዥ ይክፈቱና ሥርዓቱ ለተጠቃሚው ሊናገር የሚችለውን ሁሉ በተራ ይጻፉ። አጻጻፉ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አረንጓዴ ምልክት ይታያል» ተብሎ ከተጻፈ መልእክቱ ገና ሳይታወቅ ማሳያው ተወስኗል ማለት ነው፤ መጻፍ ያለበት «ገንዘቡ ለተቀባዩ ደርሷል» የሚለው ነው። በምሳሌያችን ላይ ዝርዝሩ የሚከተለውን ይመስላል፦ የቁልፉ መነካት ታውቋል፤ ጥያቄው በሂደት ላይ ነው፤ ገንዘቡ ደርሷል፤ ቀሪ ሒሳቡ ስላልበቃ አልተላከም፤ ኔትወርክ ስለተቋረጠ አልተላከም፤ መድረሱም አለመድረሱም ለጊዜው አልታወቀም። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሆኖም ሰው አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዲልክ የሚያደርገው በዋናነት እሱ ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይገባዋል።

በእያንዳንዱ መልእክት አንጻር አራት ነገሮች ይሞሉ። ምን ያህል ያስቸኩላል? ሰውየው ተመልሶ ሊያየው ይፈልጋል ወይስ ከሰማው በኋላ አይፈለግም? አጠገቡ ያለ ሰው ቢሰማው ችግር አለው? መልእክቱ ከደረሰው በኋላ ምን ማድረግ ይጠበቅበታል? እነዚህ አራት መልሶች ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ውሳኔዎች ከግማሽ በላይ ስለሚያቀልሉ፣ አሰልቺ ቢመስሉም መዝለል አይገባም።

ደረጃ 2፦ የሦስቱን ስሜቶች ጠባይ ማወቅ

ዓይን በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር የማነጻጸር፣ ቦታን የማስታወስና ወደ ኋላ ተመልሶ የማየት ችሎታ አለው። ሠንጠረዥ፣ ካርታ፣ ረጅም ጽሑፍና ዝርዝር የሚስማሙት ለእሱ ነው። ነገር ግን ጥርት አድርጎ የሚያየው ስፋት በጣም ጠባብ ነው፤ 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ክንድን ዘርግቶ የአውራ ጣትን ስፋት እንደማየት ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን የሚያውቀው በግምት፣ በተለይም በእንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ በስክሪኑ ግርጌ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ትንሽ ማሳወቂያ፣ ዓይኑ ሌላ ጥግ ላይ ለነበረ ሰው እንዳልታየ ይቆጠራል። ከሁሉ በላይ ዓይን መዞር አለበት፤ ካልዞረ ምንም አይደርሰውም።

ጆሮ በተቃራኒው መዞር አያስፈልገውም፤ ከየትኛውም አቅጣጫ ይቀበላል፤ ለለውጥና ለቅደም ተከተልም እጅግ ንቁ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራው የደም ኦክስጅን መለኪያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መሣሪያው በእያንዳንዱ የልብ ምት አንድ ድምፅ ያሰማል፤ የኦክስጅኑ መጠን ሲወርድ የድምፁ ቅጥነትም አብሮ ይወርዳል። ሐኪሙ ዓይኑን ከታካሚው ሳያነሣ የልብ ምቱን ፍጥነት ከድምፁ ድግግሞሽ፣ የኦክስጅኑን ሁኔታ ከድምፁ ከፍታ ይረዳል። ሁለት መረጃዎች በአንድ ድምፅ፣ ያለ አንድ ቃል ይተላለፋሉ። የጆሮ ድካም ደግሞ ሌላ ነው፤ የተነገረው ያልፋል፣ ተመልሶ አይታይም፣ ጎረቤትም ይሰማዋል፣ ጫጫታ ባለበት ቦታም ይዋጣል። በተጨማሪም ጤናማ ወጣት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚደረግ የንዝረት ብዛት) ገደማ ቢሰማም፣ ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው።

መዳሰስ ከሦስቱ በጣም የተዘነጋው ነው። የሚሸከመው መረጃ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የግል ነው፣ ጫጫታም ሆነ ብርሃን አያግደውም፣ ችላ ለማለትም ያስቸግራል። ብዙ አውሮፕላኖች ክንፉ አየር መያዝ ሊያቅተው ሲቃረብ የአብራሪውን መሪ በኃይል የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ የተገጠመላቸው ለዚህ ነው፤ በመብራትና በደወል በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚስት አብራሪ የለም፤ መንቀጥቀጡም የሚመጣው አብራሪው ሊያርመው በሚገባው በዚያው መሪ ላይ ነው። የጣት ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ያውቃል፤ ጀርባ ግን ነጥቦቹ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልተራራቁ አንድ ናቸው ብሎ ይቀበላቸዋል። ንዝረትን በተመለከተ ቆዳ ይበልጥ የሚነቃው ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ መሣሪያው ሰውነትን ካልነካ መልእክቱ የለም።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ መልእክት ዋናና ተጠባባቂ መንገድ መስጠት

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ይመለሱና ከእያንዳንዱ መልእክት ጎን አንድ ዋና መንገድና ቢያንስ አንድ ተጠባባቂ መንገድ ይጻፉ። የማይጣሰው ሕግ አንድ ነው፦ ማንኛውም አስፈላጊ መልእክት በአንድ ስሜት ብቻ እንዲተላለፍ አይፈቀድም። ቀለም ብቻውን፣ ድምፅ ብቻውን፣ ንዝረት ብቻውን በቂ አይደሉም። አንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን በመለየት ረገድ እክል ያለበት በመሆኑ፣ ቀለም በዓይን ውስጥም እንኳ አጋዥ ይፈልጋል፤ ቅርጽና ቃል ሊታከሉበት ይገባል።

ይህ ማለት ግን ሁሉንም በሁሉም ማስተጋባት አይደለም። እያንዳንዱ ንክኪ ድምፅ ቢያሰማ፣ ቢንቀጠቀጥና ብልጭ ቢል ሰው በቀን ውስጥ ሁሉንም አጥፍቶ ያርፋል፤ ሲያጠፋም አስፈላጊውን ከማያስፈልገው ጋር አብሮ ያጠፋዋል። ተደጋጋሚነት የሚገባው ካልደረሰ ጉዳት ለሚያስከትል መልእክት ነው። ለቀሪው ስሜቶቹ ሥራ ይከፋፈሉ፤ ድምፅ «ወደዚህ ተመልከት» ይበል፣ ዝርዝሩን ስክሪን ይያዝ።

በምሳሌያችን «ገንዘቡ ደርሷል» የሚለው አጭር ንዝረትና አጭር ድምፅ ያገኛል፤ ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ በስክሪን ላይ በጽሑፍ ይቆያሉ። «አልተላከም» የሚለው በግልጽ የሚለይ ንዝረትና ድምፅ ይኖረዋል፤ ጽሑፉም ተጠቃሚው ራሱ እስኪዘጋው አይጠፋም። የገንዘቡ መጠን ግን በነባሪ ድምፅ ጮክ ብሎ አይነበብም፤ የሰውን ሒሳብ ለአጠገቡ ለቆመ ሁሉ ማሳወቅ አደጋ ነው። የስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በስክሪኑ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚጠቀም ሰው ሲጠይቅ በጆሮ ማዳመጫው ሊሰማው ይችላል፤ ያ የራሱ ውሳኔ ነው።

ደረጃ 4፦ ከሥር ያለውን መዋቅር ማስተካከል

ከሁሉ ደረጃዎች ብዙ ዋጋ የሚያስገኘው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማይታይ በመሆኑም ቀድሞ የሚቆረጠው እሱ ነው። የስክሪን አንባቢ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ኤንቪዲኤ፣ ጆውስ፣ ቮይስኦቨርና ቶክባክ፣ ሥዕሉን አይመለከቱም። የሚያነቡት ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነገር የሰጠውን ስም፣ ምንነትና ሁኔታ ነው። ሦስቱ በትክክል ከተቀመጡ ያው አንድ መዋቅር በድምፅ ይነበባል፣ በብሬይል (በጣት በሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ) ይዳሰሳል፣ በንግግር ይታዘዛል። ካልተቀመጡ ደግሞ የትኛውም ማስዋቢያ አያድነውም።

አንድ ቁልፍ እንመልከት። ገንቢው በሥዕል የተሠራች የወረቀት አውሮፕላን አስቀምጦ ስትነካ እንድትልክ ቢያደርጋት፣ የስክሪን አንባቢው ወይ ዝም ይላል ወይ የፋይሉን ስም ይቀበጣጥራል። ይኸው ቁልፍ በማሰሻው መደበኛ የአዝራር ኮድ ተሠርቶ «ገንዘብ ላክ» የሚል ስም ቢሰጠው፣ «ገንዘብ ላክ፣ አዝራር» ተብሎ ይነበባል፤ ቅጹ ካልተሟላ «አይሠራም» የሚለው ሁኔታ ይጨመርበታል፤ በኪቦርድም ያለ ተጨማሪ ሥራ ይታዘዛል። ስለዚህ መደበኛው አካል እያለ የራስን ፈልስፎ መሥራት አይመከርም።

ገጹ ሳይቀየር ድንገት ብቅ የሚሉ መልእክቶች ለብቻቸው ሊታሰብባቸው ይገባል። አሪያ የሚባለው የድር መስፈርት ለዚህ ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ አንዱ አንባቢው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ሌላው አቋርጦ ይገባል። «በሂደት ላይ ነው» የሚጠብቀው ነው፤ «አልተላከም» ግን አቋርጦ ሊገባ ይችላል። ሁሉን አቋራጭ ማድረግ ተጠቃሚው አንድም ነገር እስከ መጨረሻው እንዳይሰማ ያደርጋል።

የንባብ ቅደም ተከተሉ በዓይን ከሚታየው ጋር ይጣጣም፤ መስኮት ሲከፈት ፎከሱ (ኪቦርዱ አሁን የሚያዝበት ቦታ) ወደ ውስጡ ይግባ፣ ሲዘጋም ወደ ተነሣበት ይመለስ። የገጹ ቋንቋም በኮዱ ውስጥ ይገለጽ፤ ያለዚያ አንባቢው ጽሑፉን በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሊያነበንበው ወይም ፊደላቱን ጨርሶ ሊዘላቸው ይችላል።

ደረጃ 5፦ የሚታየውን ክፍል መሥራት

በዚህ ላይ የወጡ መለኪያዎች ስላሉ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዓለም አቀፉ የድር ተቋም ደብልዩ ስሪ ሲ ያወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በዳራው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል፤ ለትላልቅ ፊደላት፣ ለአዝራር ጠርዞችና ለምልክቶች 3 ለ 1 ይበቃል። ጽሑፉ በእጥፍ ሲያድግ ምንም ነገር ሊቆረጥ ወይም ሊደራረብ አይገባም። በሴኮንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር በፍጹም አይቀመጥ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላልና። ተጠቃሚው በመሣሪያው ላይ እንቅስቃሴ ይቀነስልኝ ብሎ ከመረጠ ያ ምርጫ ይከበር። በኪቦርድ ለሚሠራ ሰው አሁን የት እንዳለ የሚያሳየውን ማዕቀፍ «አያምርም» ብሎ ማጥፋት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ማዕቀፉ ይቆይ፣ ካላማረ አምሮ ይሠራ።

ደረጃ 6፦ ድምፁን መንደፍ

በመጀመሪያ ንግግር ነው ወይስ ምልክት ድምፅ የሚለው ይወሰን። ንግግር ትክክለኛ ነው፣ መማር አያስፈልገውም፣ ግን ይዘገያል፤ ሰው ከሚያናግረው ሰው ቃል ጋርም ይጋጫል። ምልክት ድምፅ ፈጣን ነው፣ ግን ትርጉሙን መልመድ ያስፈልጋል።

ምልክት ድምፆች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው በ1986 ዊልያም ጌቨር ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ድምፁ ከዕለት ተዕለት ዓለም ይወሰዳል፤ ፋይል ሲጣል ነገር ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ይሰማል፤ ፋይሉ ትልቅ ከሆነም ድምፁ ይከብዳል። ሁለተኛው በ1989 ሜራ ብላትነርና ባልደረቦቿ ያብራሩት ነው፤ አጫጭር የዜማ ቁራጮች በስምምነት ትርጉም ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ቶሎ ይገባል፤ ነገር ግን «ክፍያ አልተሳካም» ለሚል ረቂቅ ነገር የሚመስል ድምፅ በተፈጥሮ አይገኝም። ሁለተኛው ለማንኛውም ነገር ይሠራል፤ ዋጋው መለማመድ ነው።

ለገንዘብ መላኪያው ሁለተኛው ይሻላል። ድምፆቹ እንደ አንድ ቤተሰብ ይሠሩ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መሣሪያ ቃና ይጀምሩና በአቅጣጫ ይለያዩ። ሁለት ኖታ ወደ ላይ ሲወጣ «ደርሷል»፣ ሁለት ኖታ ወደ ታች ሲወርድ «አልተላከም»፣ አንዱ ኖታ ራሱን ሲደግም «አልታወቀም» ይሁን። ልዩነቱ በኖታው ከፍታ ብቻ እንዳይሆን በምቱም ይለያዩ፤ ብዙ ሰው ከፍታን ለብቻው በቃሉ መያዝ ያቅተዋል። የስልክ ድምፅ ማውጫዎች ወፍራም ድምፆችን በደንብ ስለማያሰሙ፣ የአረጋውያን ጆሮ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ስለሚስት፣ ዋናው ክፍል ከ500 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው መካከለኛ ክልል ቢቀመጥ ለሁለቱም ይመቻል።

የሚነገረውን ዓረፍተ ነገር በተመለከተ፣ ዋናው ቃል ይቅደም። «በአሁኑ ጊዜ በተፈጠረ የኔትወርክ መቋረጥ ምክንያት ጥያቄዎ ሊስተናገድ አልቻለም» የሚለው ለዓይን ይታገሣል፤ ለጆሮ ግን አድማጩን እስከ መጨረሻው ቃል ያንጠለጥለዋል። የአማርኛ ግስ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ ችግሩ በእኛ ቋንቋ ይብሳል። «አልተላከም። ኔትወርክ ተቋርጧል። እንደገና ይሞክሩ።» ብሎ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ማስቀመጥ ውጤቱን በመጀመሪያው ቃል ይነግራል።

መተግበሪያው የራሱን ንግግር የሚያሰማ ከሆነ፣ የስክሪን አንባቢ በተከፈተበት መሣሪያ ላይ ዝም ይበል፤ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ሲናገር አንዱም አይሰማም። ሰው ሳይጠይቅ የሚጀምርና ከ3 ሴኮንድ በላይ የሚቆይ ድምፅም ማቆሚያ ሊኖረው ግድ ነው። በድምፅ ወይም በቪዲዮ የቀረበ ማንኛውም ማብራሪያ ሙሉ የጽሑፍ መግለጫ ይኑረው።

ደረጃ 7፦ የሚዳሰሰውን መንደፍ

ከንዝረት በፊት ስለ ራሱ ስለ ንክኪው ይታሰብ። ደብልዩ ስሪ ሲ በ2023 ያወጣው እትም ለሚነኩ ነገሮች ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይጠይቃል፤ አፕል ለመሣሪያዎቹ 44 በ44 ነጥብ፣ አንድሮይድ 48 በ48 ነጥብ ይመክራሉ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ወይም በጉዞ ላይ ላለ ሰው ትልቁ ይሻላል። «ላክ» እና «ሰርዝ» ደግሞ ጎን ለጎን አይጣበቁ። አካላዊ ቁልፍ ባለበት መሣሪያ ትንሽ ጉብታ ብዙ ትሠራለች፤ በኪቦርድ ላይ የሁለቱ እጆች ጠቋሚ ጣቶች የሚያርፉባቸው ሁለቱ ቁልፎች፣ በቁጥር ሰሌዳ ላይም 5 ቁጥር፣ ጉብታ ያላቸው እጅ ያለ ዓይን ቦታውን እንዲያገኝ ነው።

ንዝረትን በሚመለከት የመሣሪያው ሞተር ዓይነት ይታወቅ። አንደኛው ዓይነት ሚዛኑ የተዛባ ክብደት የሚያሽከረክር ሲሆን ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ ስለሚወስድ አጭር ምት ሲታዘዝ የደበዘዘ ጉርምርምታ ይሰጣል። ሁለተኛው በምንጭ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት በቀጥታ መስመር የሚያወዛውዝ ሲሆን ጥርት ያለ ምት ያወጣል። በሁለተኛው ላይ ያማረ ንድፍ በመጀመሪያው ላይ ተለይቶ ላይታወቅ ስለሚችል፣ በርካሹ መሣሪያ ላይ ሳይሞክሩ አያጽድቁ።

ሰዎች የንዝረትን ልዩነት ከሁሉ በተሻለ የሚያውቁት በምት አደራደር ነው፤ በጥንካሬ የሚለዩ ሁለት ንዝረቶችን ግን ያምታታሉ። ስለዚህ አንድ አጭር ምት «ደርሷል»፣ ሦስት ፈጣን ምቶች «አልተላከም»፣ አንድ ረጅምና አንድ አጭር «አልታወቀም» ቢሆኑ ይበቃል። ከሦስትና ከአራት በላይ ንዝረት በአንድ መተግበሪያ ውስጥ መጨመር አልመክርም። የንዝረቱ ምት ከድምፁ ምት ጋር ቢመሳሰል ደግሞ አንዱን የለመደ ሌላውንም ያውቀዋል።

ስለ ብሬይል ማሳያ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዐይቶም ሰምቶም መረጃ ለማያገኝ ሰው ብቸኛው መንገድ ስለሆነ። መሣሪያው ከፍና ዝቅ በሚሉ ጥቃቅን መርፌዎች ፊደል የሚሠራ ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ብሬይል በአንድ ፊደል 8 ነጥብ ይጠቀማል። ብዙዎቹ ማሳያዎች በአንድ ጊዜ የሚያሳዩት 40 ፊደል ገደማ ነው፤ ከዚያ ያነሱም አሉ። በደረጃ 6 ያጠርነው ዓረፍተ ነገር እዚህም ይጠቅማል፤ ዋናው ቃል ቀድሞ ስለመጣ ጣት ሳያገላብጥ ያገኘዋል። ከ5 ሴኮንድ በኋላ በራሱ የሚጠፋ መልእክት ግን በብሬይል ለሚያነብ ሰው ከቶ አይደርሰውም።

ደረጃ 8፦ መቀበያውንም በብዙ መንገድ መክፈት

እስካሁን ሥርዓቱ እንዴት እንደሚናገር አየን፤ እንዴት እንደሚሰማም እንዲሁ ይታሰብበት። በንክኪ የሚሠራ ሁሉ በኪቦርድ ይሠራ፤ በሁለት ጣት በመሳብ ወይም ስልኩን በመነቅነቅ የሚሠራ ሁሉ በአንድ ተራ ንክኪም ይገኝ። በንግግር ለሚያዝዝ ሰው በአዝራሩ ላይ የሚነበበው ቃልና በኮዱ ውስጥ ያለው ስም አንድ ይሁኑ፤ ስክሪኑ ላይ «ላክ» ተጽፎ ኮዱ ውስጥ «አስረክብ» ካለ፣ «ላክ» ብሎ የሚናገረው ሰው መልስ አያገኝም።

በ2009 አፕል ቮይስኦቨርን በአይፎን ላይ ሲያወጣ፣ አንዲት ጉብታ በሌላት ልሙጥ መስታወት ላይ ዓይነ ስውር ሰው ይሠራል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። መፍትሔው መንካትንና ማዘዝን መለየት ነበር፤ አንድ ጣት ሲነካ ያለውን ነገር ያነባል፣ ሁለት ጊዜ ሲመታ ግን ያዝዛል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለሁሉም ንድፍ ይጠቅማል፦ ሰው ምንም ሳያበላሽ መዳሰስና መመርመር ይቻለው። ገንዘብን በመሰለ ነገር ላይ ደግሞ ከመላኩ በፊት ስምና መጠኑን የሚያረጋግጥበት አንድ ገጽ ይኑር።

ስሜቶች ተደጋግፈው መቀበል እንደሚችሉም አይረሳ። በ1980 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሪቻርድ ቦልት ያሳየው ሥርዓት ሰው በጣቱ እያመለከተ «ያንን እዚያ አድርገው» ሲል ይረዳ ነበር፤ ንግግሩ ብቻውን ትርጉም የለውም፣ ጣቱም ብቻውን ትእዛዝ አይሆንም። እንዲህ ያለው ቅንጅት ውብ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን ሥራውን የሚጨርስበት መንገድ መኖሩ ይረጋገጥ።

ደረጃ 9፦ ጊዜውን ማስማማት

ዓይን፣ ጆሮና እጅ አንድ ክስተት እንደሆነ የሚቀበሉት በአንድ ጊዜ ሲደርሳቸው ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ድምፅ ከምስል 45 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ሲቀድም ወይም 125 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ሲዘገይ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል ይጀምራል። መቅደም ከመዘግየት ይልቅ የሚረብሸው፣ በተፈጥሮ ብርሃን ሁልጊዜ ከድምፅ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ስለዚህ ምርጫ ከተገኘ ምስሉ ይቅደም፣ ድምፁ ይከተል።

ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ ባይበልጥ ሰው «እኔ ያደረግሁት ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ከሰርቨሩ፣ ማለትም ክፍያውን ከሚያስፈጽመው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ የሚመጣው መልስ ሴኮንዶች ሊወስድ ስለሚችል «መነካቱ ታውቋል» የሚለው ምላሽ ከመሣሪያው ከራሱ ወዲያው ይሰጥ፤ «ደርሷል» የሚለው ግን እርግጠኛው መልስ ሳይመጣ በምንም ምክንያት አይሰማ። ሁለቱን በአንድ ንዝረት ማደባለቅ ሰውን ማታለል ነው። ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫዎች ድምፅን ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ሊያዘገዩ እንደሚችሉም ታሳቢ ተደርጎ፣ ለንክኪው የሚሰጠው ፈጣን ምላሽ በንዝረትና በስክሪን ላይ ይመሥረት።

ደረጃ 10፦ ቅድሚያና ምርጫ

ሁለት መልእክቶች በአንድ ጊዜ ሲመጡ የትኛው እንደሚቀድም በሰንጠረዡ ላይ ይጻፍ፤ ዝቅተኛው ይጠብቅ እንጂ አይደራረብ። ማስተካከያው ላይ ድምፅ፣ ንዝረትና ንግግር በየራሳቸው ይከፈቱ፣ ይዘጉ፤ አንዱ ሲዘጋ ተጠባባቂው ሥራውን ይረከብ። ሰውየው ስልኩን ጸጥ ካደረገ ይታዘዙት። ተጠቃሚው የአካል ጉዳት እንዳለበት መጠየቅም ሆነ መገመት አያስፈልግም፤ የሚፈልገውን መንገድ መምረጥ መቻሉ በቂ ነው።

ደረጃ 11፦ መሞከር

ዲዛይነሩ ራሱ የሚጀምረው ቀላል ሙከራ አለ። ስክሪኑን አጥፍቶ በስክሪን አንባቢ ብቻ ገንዘቡን ይላክ፤ ከዚያ ስክሪኑን መልሶ አብርቶ፣ ድምፁን ዘግቶ ይድገመው፤ ከዚያም ማውዙን ነቅሎ በኪቦርድ ብቻ፤ በመጨረሻም ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ ይሞክረው። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ኤንቪዲኤ በነፃ ስለሚገኝ ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት አይሠራም። በራሳቸው ኮዱን የሚመረምሩ መሣሪያዎች የጎደለ ስምንና ደካማ ንፅፅርን ይይዛሉ፤ የተሰጠው ስም ትርጉም ያለው መሆኑን ግን አያውቁም።

ይህ ሁሉ ዓይነ ስውራንን፣ መስማት የተሳናቸውንና ሁለቱም ያለባቸውን ሰዎች መጥራትን አይተካም። ዓይኑን ለአፍታ የጨፈነ ዲዛይነር ዓመታት የስክሪን አንባቢን የተጠቀመ ሰው ያለውን ፍጥነትና ልማድ የለውም፤ ብዙዎች ንግግሩን ያልለመደ ጆሮ ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ያዳምጣሉ። ተሳታፊዎቹ ለጊዜያቸው ይከፈላቸው፤ የራሳቸውን መሣሪያ ከነማስተካከያው ይጠቀሙ። ጥሪው የሚደረገውም ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን የድምፁና የንዝረቱ ረቂቅ ገና በእጅ ላይ እያለ ነው።

በሙከራው ጊዜ «ወደዱት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ውጤቱ ይታይ። በዘፈቀደ ከ«ደርሷል»፣ ከ«አልተላከም»ና ከ«አልታወቀም» አንዱ እንዲከሰት ይደረግና ሰውየው ስክሪኑን ሳያይ የሆነውን እንዲናገር፣ ቀጥሎም ሊያደርግ ያሰበውን እንዲገልጽ ይጠየቅ። «አልታወቀም» የሚለውን ሰምቶ እንደገና ለመላክ የሚዘጋጅ ሰው ከተገኘ፣ ድምፁ፣ ንዝረቱና ጽሑፉ ሦስቱም እንደገና ይነደፋሉ። መተግበሪያው ለተጠቃሚ ከወጣ በኋላ አዲስ መልእክት በተጨመረ ቁጥር በደረጃ 1 ሰንጠረዥ ላይ አዲስ ረድፍ ይከፈት፤ ዋናና ተጠባባቂ መንገዱ ያልተሞላ ረድፍ ካለ፣ ያ ማሻሻያ ለተጠቃሚ አይለቀቅም።